ኦሲሎስኮፓችን በትክክል እንዲለካ ላደረጉ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ መምህር ነኝ። ተማሪዎቻችን የሚለማመዱበት ቴክትሮኒክስ 465 ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን ላይ ስሎ የሚያሳይ መለኪያ) ባለ ሁለት ቻናል፣ እስከ 100 ሜጋኸርዝ የሚለካ፣ ዕድሜው የገፋ ቢሆንም ዛሬም የሚታመን መሣሪያ ነው። የአንደኛው ቻናል ማስገቢያ ላልቶ መወዛወዝ ሲጀምር ለጥገና የሰጠነው ቤት የፊት ፓነሉን ከፈታው በኋላ መልሶ መግጠም አቅቶት፣ መሣሪያውን ፊቱ እንደተገፈፈ፣ ኖቦቹን (የሚዞሩትን መቆጣጠሪያዎች)፣ ዳዶዎቹንና ሮንዴላዎቹን ደግሞ በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ መለሰልን። ሌላ ኦሲሎስኮፕ ስላልነበረን ለሰባት ወራት ያህል ሞገድን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ለማስተማር ተገድጄ ነበር።

በመጨረሻ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮና የመለኪያ መሣሪያ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ባለሙያ ጋር ሄድኩ። ፌስታሉን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግፈው ዕቃውን በየመጠኑ ከለዩ በኋላ፣ የኖቦቹን ትንንሽ ብሎኖች በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ተመለከቱና «መምህር፣ ይኼ እኮ በሚሊሜትር ቁልፍ የተፈታ ነው» አሉኝ። መሣሪያው የአሜሪካ ሥራ በመሆኑ ብሎኖቹ በኢንች የተለኩ ናቸው፤ 1.5 ሚሊሜትር የሆነው ኤለን (ባለ ስድስት ጎን) ቁልፍ 1/16 ኢንች በሆነው ቀዳዳ ውስጥ ልል ብሎ ስለሚገባ ጠርዙን ይበላዋል። ከዚያም፣ የስክሪኑ ቱቦ ኤሌክትሪኩ ከተነቀለም በኋላ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ እንደሚችል ነግረውኝ፣ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ እስኪያስወግዱ ድረስ እጄን ከጠረጴዛው እንዳርቅ አደረጉ።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን በጊዜ መምረጫው ኖብ ላይ ባሳዩት ጥንቃቄ ነው። ይህ ኖብ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሲሆን ውጪኛው የዋናውን ስዊፕ (የብርሃን ነጥቡ ስክሪኑን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥበትን ጉዞ)፣ ውስጠኛው ደግሞ ዘግይቶ የሚጀምረውን ስዊፕ ፍጥነት ይመርጣል። ኖቡ በዘንጉ ላይ አንድ ደረጃ ተዛንፎ ቢጠብቅ መሣሪያው ያለ ምንም ችግር ይሠራል፤ የሚዋሸው ቁጥሩ ብቻ ነው። መሣሪያው በውስጡ ለአንድ የስክሪን ክፍል 0.2 ሚሊሰከንድ ላይ ሆኖ ኖቡ 0.5 የሚል ከሆነ፣ 1000 ኸርዝ የሆነን ሞገድ ተማሪው 400 ብሎ መዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል። እንዲህ ያለውን ስህተት ደግሞ ጀማሪ ተማሪ በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ነው የሚያላክከው። ስለዚህ ባለሙያው ብሎኖቹን ለጊዜው ብቻ አስይዘው፣ መሣሪያው ራሱ ለማመሳከሪያ የሚያወጣውን ወደ 1 ኪሎኸርዝ የሚጠጋ አራት ማዕዘን ሞገድ በፕሮብ (በመለኪያው ገመድ ጫፍ) ነክተው፣ ኖቡን 0.2 ሚሊሰከንድ ላይ አደረጉ። አሥሩ የስክሪን ክፍሎች ሁለት ሙሉ ሞገድ ያህል መያዛቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ ካሳዩኝ በኋላ ነው ብሎኑን ያጠበቁት። የቮልቴጅ መምረጫዎቹንም እንዲሁ ደረጃ በደረጃ ፈተሹ።

ከፌስታሉ ውስጥ አንድ ትንሽ ኖብ ጠፍቶ ነበር። ተመሳሳዩን ከሌላ አሮጌ መሣሪያ አውጥተው ሲተኩ፣ ቀለሙ እንደማይመሳሰል ሥራውን ሳይጀምሩ ነግረውኛል። ዋጋውንም አስቀድመው ቆርጠው ስለነበር ሲጨርሱ ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

አናሎግ ኦሲሎስኮፕ፣ ሲግናል ጀነሬተር ወይም ፓወር ሰፕላይ ላላችሁ ቤተ ሙከራዎች እኚህን ባለሙያ ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ፤ ዲጂታሎቹን ግን እንደማይነኩ ራሳቸው በግልጽ ይናገራሉ። ስልካቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ አደርሳለሁ። ስትሄዱ የተፈታውን ሁሉ፣ የተሰበረውን ኖብና ጠርዙ የተበላውን ብሎን ጭምር ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚተካውን መጠን የሚያውቁት ከእሱ ነው።