ሰንበቴ ወይስ አልዩ አምባ?
ከደብረ ብርሃን ወደ ቆላ ወርዶ ለየት ያለች ትንሽ ከተማ ማየት ለሚፈልግ እነዚህን ሁለቱን ነው የምለው። ሰንበቴ ቀላል ነው፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፈህ ደብረ ሲና ሸዋሮቢት እያልክ በአስፋልቱ ትወርዳለህ፣ ግን እሁድ ካልሆነ ይቅርብህ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ገበያው ነው፣ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ ላይ ሲገበያይ ማየት ደስ ይላል።

አልዩ አምባ ግን ሌላ ነው!! ከአንኮበር ቁልቁል ጋቢ ደርበህ ጀምረህ ታች ስትደርስ በሸሚዝ ትቀራለህ። ድሮ በአፋር በኩል ጨው የጫነ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስም በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲሄድ በዚሁ ነው ያለፈው። ምቹ ሆቴል ምናምን አትጠብቅ። እኔ ግን ያለጥርጥር አልዩ አምባን ነው የምመርጠው፣ እንዲህ መረሳቷ በጣም ያሳዝነኛል።