የቀን ማዕከል፣ የግል ረዳት ወይስ የሥራ ድጋፍ? በእንግሊዝ አገር ለአዋቂ አካል ጉዳተኞች የሚቀርቡ የቀን አገልግሎቶች ንጽጽር

በእንግሊዝ አገር አካል ጉዳትና የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ወጣት የሚሰጠው የትምህርት፣ የጤናና የእንክብካቤ እቅድ ቢበዛ 25 ዓመት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ቀኑን የት ይዋል የሚለው ጉዳይ የካውንስሉ (የአካባቢ መስተዳድሩ) የአዋቂዎች ክፍልና የቤተሰቡ ነው። ለለንደንም ሆነ ለሌላ ከተማ ሀበሻ ቤተሰብ የሚቀርቡት አማራጮች በአብዛኛው ሦስት ናቸው፦ የቀን ማዕከል፣ በዳይሬክት ፔይመንት (ካውንስሉ አገልግሎቱን በማቅረብ ፋንታ ለተጠቃሚው በሚሰጠው ገንዘብ) የሚቀጠር የግል ረዳት፣ እና የሥራ ድጋፍ። ስትመርጡ ከአንድ ጥያቄ ጀምሩ፦ ሠራተኛ ሲቀር፣ ማንሻ (መንቀሳቀስ የማይችልን ሰው የሚያነሳው መሣሪያ) ሲበላሽ፣ መኪና ሲዘገይ ሸክሙ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? የአዳራሹ ውበት ከዚህ በኋላ ይታያል።

ዋናው በር የካውንስሉ ግምገማ ነው። በ2014 የወጣው የእንክብካቤ ሕግ እርዳታ ያስፈልገዋል የሚመስልን አዋቂ ሁሉ ካውንስሉ እንዲገመግም ያስገድዳል፤ የሚንከባከበው እናት ወይም ወንድምም ለራሱ ግምገማ የመጠየቅ መብት አለው። አስተርጓሚ ጠይቁ። እህት ስለ ወንድሟ ሽንት ቤት አጠቃቀም በሶሻል ወርከር (በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) ፊት ስታስተረጉም ግማሹ ነገር ተሸፋፍኖ ያልፋል፤ ያልተነገረ ችግር ደግሞ በጀት አይያዝለትም። ክፍያው የሚሰላው በራሱ በተጠቃሚው ገቢና ቁጠባ ብቻ ነው። የወላጅ ደመወዝ አይታይም፣ የሚኖርበት ቤት አይቆጠርም፣ የፒፕ (የመንግሥት የአካል ጉዳት አበል) የመንቀሳቀሻ ክፍያም እንደ ገቢ አይያዝም። ቁጠባው ከ23,250 ፓውንድ በላይ ከሆነ ግን ሙሉውን ሊከፍል ይችላል። በጉዳቱ ምክንያት የሚወጣውን ተጨማሪ የማጠቢያ፣ የማሞቂያና የፓድ (የአዋቂ ዳይፐር) ወጪ በደረሰኝ አያይዛችሁ አቅርቡ፤ ክፍያውን ይቀንሳል።

የቀን ማዕከል

ትልቁ ጥቅሙ የሠራተኛ ብዛት ነው። አንዱ ቢታመም ሌላው ይተካል። በማንሻ ለሚነሳ ሰው የእንክብካቤ እቅዱ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ ማዕከል ያንን ማሟላት ይችላል፣ ብቻውን የተቀጠረ የግል ረዳት አይችልም። ጓደኛም የሚገኘው እዚህ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር ግን አለ። የእንክብካቤ ተቆጣጣሪው ሲኪውሲ የሚመዘግበው ሰው በሚኖርበት ቦታ የሚሰጥን የገላ እንክብካቤ ነው፤ የቀን ማዕከልን አይመዘግብም፣ ደረጃም አይሰጥም። ድርጅቱ «ጥሩ» የሚል ደረጃ ካሳያችሁ የየትኛው አገልግሎቱ እንደሆነ ጠይቁ፤ ምናልባት የመኖሪያ ቤቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መርማሪዎቹ እናንተው ናችሁ።

ጉብኝቱን ከሽንት ቤት ጀምሩ። የአዋቂ መቀየሪያ አልጋና የጣሪያ ማንሻ ያለው ሙሉ ክፍል ቢያንስ 12 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ ሠራተኛው ወገቡን እየጎዳ፣ ተጠቃሚውም እየተጋጨ ነው። ማንሻው ላይ የተለጠፈውን ቀን አንብቡ። ሰው የሚያነሳ መሣሪያ ከነማንጠልጠያ ጨርቁ በየ6 ወሩ በባለሙያ መመርመር አለበት፤ ይህ የ1998 ደንብ ነው። ማንጠልጠያው ለእያንዳንዱ ሰው በልኩና በስሙ ይሁን። ከሰፋ ሰው ሾልኮ ይወድቃል፣ ከጠበበ ጭን ይቆርጣል። መለያው ከደበዘዘ አይጠቀሙበት።

ሁለተኛ ጉብኝታችሁ በምሳ ሰዓት ይሁን። ወረቀት ላይ 12 ተጠቃሚ ለ4 ሠራተኛ ጥሩ ይመስላል። አንዱን ሁለት ሠራተኞች ሽንት ቤት ሲወስዱት ግን አዳራሹ ውስጥ 11 ሰው ከ2 ሠራተኛ ጋር ይቀራል፤ ከእነሱ መካከል ሰው አብልቶት የሚበላ ካለ ቁጥሩ ምን እንደሚሆን እዚያው ታዩታላችሁ። መዋጥ ለሚቸገር ሰው የንግግርና የመዋጥ ባለሙያው የጻፈውን የምግብ ልስላሴ ደረጃ ማዕድ ቤቱ ያውቀው እንደሆነ ጠይቁ። ደረጃ 6 ሲባል ለስላሳ ሆኖ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ቁራሽ ነው። እንጀራ ለስላሳ ስለሆነ ይስማማዋል ብላችሁ አትላኩ፤ እንደ ዳቦ ሁሉ አፍ ውስጥ ተድቦልቡሎ ሊያንቅ ይችላል። መረቅና ቁራሽ የተቀላቀለበት ፍርፍርም ለአንዳንዱ ይከብዳል። ምግቡን ለባለሙያው አሳይታችሁ አስወስኑ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ከሆነም በእቅዱ ላይ ይጻፍ።

መጓጓዣው ሌላ ራስ ምታት ነው። ሚኒባሱ ስንት ሰው እንደሚያነሳና የመጨረሻው ተሳፋሪ መኪናው ውስጥ ለስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ዊልቸሩ በአራት ነጥብ ከወለሉ ጋር ይታሰራል፣ ሰውየው ደግሞ ለብቻው በወገብና በትከሻ ቀበቶ። የዊልቸሩ የራሱ ቀበቶ አቀማመጥ ለማስተካከል የተሠራ ነው፤ አደጋ አይመክትም። የሚጥል በሽታ ካለ የድንገተኛውን መድኃኒት መስጠት የሰለጠነ ሠራተኛ አውቶቡሱም ላይ መኖር አለበት።

የግል ረዳት

ነፃነቱ ሰፊ ነው። አማርኛ የሚናገር ሰው መቅጠር፣ ሰዓቱን ማስተካከል፣ ቅዳሜ ገበያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መውጣት ይቻላል። ዋጋው ግን አሠሪ መሆናችሁ ነው፦ ግብር መሥሪያ ቤት መመዝገብ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ቢያንስ የ5 ሚሊዮን ፓውንድ የአሠሪ ኢንሹራንስ። የዓመት ፈቃድ 5.6 ሳምንት ነው፤ በሳምንት 3 ቀን ለሚሠራ ረዳት 16.8 ቀን ይሆናል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በጀቱ የሰዓት ክፍያውን ብቻ አስልቶ የፈቃዱን፣ የኢንሹራንሱንና የተተኪውን ወጪ ካልያዘ በዓመቱ መጨረሻ ገንዘቡ ያልቃል። ከመፈረማችሁ በፊት ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። የሒሳቡን ሥራ የሚሠራላችሁ ድርጅት ወጪም በጀቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አብሮ የሚኖርን የቅርብ ዘመድ ከዚህ ገንዘብ መቅጠር፣ ካውንስሉ የግድ ነው ብሎ ካልፈቀደ በስተቀር፣ አይቻልም። ተጠቃሚው ራሱ መወሰን ካልቻለ ወላጅ ሕጋዊ ተወካይ ሆኖ ገንዘቡን ሊያስተዳድር ይችላል።

የሥራ ድጋፍ

ሥራ ለሚፈልግና ሽንት ቤትና ምግብ ላይ ብዙ እገዛ ለማያሻው ሰው ከሁለቱም ይሻላል፤ ደመወዝ ያለው ሥራ በራስ መተማመንን ይገነባል። አክሰስ ቱ ወርክ የተባለው የመንግሥት ድጋፍ የሥራ አሠልጣኝና የጉዞ ወጪ ይሸፍናል፣ ያለ ክፍያ ለሚሠራ የበጎ ፈቃድ ሥራ ግን አይከፍልም። «ልምምድ» እየተባለ ለዓመታት ያለ ክፍያ የሚያሠራ ቦታ ካጋጠማችሁ የሚከፈልበት ቀን መቼ እንደሚጀምር በጽሑፍ ጠይቁ። ደመወዝ ፒፕን አይነካም፤ ሌሎቹን አበሎች ሊነካ ስለሚችል ቀድማችሁ አስሰሉ።

አንዱን ብቻ ምረጡ የሚል ሕግ የለም። ሁለት ሰው ለሚያነሳው ሰው ሦስት ቀን ማዕከል፣ ሁለት ቀን ደግሞ (ለማንሳቱ ሁለተኛ ሰው እንዲኖር ታቅዶ) ከረዳት ጋር ደጅ መውጣት ብዙ ጊዜ የሚሠራ ድልድል ነው። ሕዝብ በተሰበሰበበት ጫጫታ የሚረበሽን ሰው ግን ማዕከል ውስጥ አታስጨንቁት፤ ከረዳት ይጀምር። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት የሙከራ ቀን ጠይቁ፣ አንዱ ምሳና ጉዞ ያለበት ይሁን። ታሞ የቀረበት ቀን ይከፈልበት እንደሆነም አረጋግጡ። ካውንስሉ «ያለን ይህ ብቻ ነው» ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅሬታ አስገቡ፤ መልሱ ካላረካችሁ ጉዳዩን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ለአካባቢ መስተዳድርና ማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ ማቅረብ ትችላላችሁ።