የራሴን ሴንሰር በ8,500 ብር ገዛሁ

ኮምቦልቻ ውስጥ «በኮምፒውተር እንመረምራለን» የሚል ባነር ከሰቀሉት ጋራዦች አንዱ ትናንት 8,500 ብሬን በላኝ። ስሙን አልጠራም። ዓይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታብሌት የያዘ ልጅ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ከዚያ «አብሽር ወንድሜ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም»።

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ቶዮታ ቪትዟ ሰሞኑን የቼክ ኢንጂን መብራት ታበራለች፤ ቀናት ቆይቶ ደግሞ ራሱ ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት የአየር ማጣሪያዋን አስጠርጌ ነበር። ይህንንም ለልጁ ነግሬዋለሁ። መስማቱን እንጃ።

ታብሌቱን ሰካና «ፒ 0113» አለ። ወደ ሞተር የሚገባው አየር ሙቀት ሴንሰር ምልክት ነው። እስከዚህ ድረስ አልዋሸም። ኮፈኖውን ከፈተ። እኔ ስልክ ተደወለልኝና ዞር አልኩ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ስክሪኑን ወደኔ አዞረው።

«አየህ? ከዜሮ በታች 40።»

ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። የኮምቦልቻ ፀሐይ አናት ይበሳል። መኪናዋ ግን በረዶ ውስጥ የቆመች መስሏታል። ሳቄ መጣ። ሴንሰሩ ለመሞቱ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ግን እኮ አንድ ሶኬት ተነቅሎ ተንጠልጥሎ ነበር! በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ይሄ ምንድነው ብሎ መጠየቅ ምን ያስከፍላል? አልጠየቅኩም።

«በዚህ ሁኔታ ሐረጎን አትወጣም፣ ሞተሩን ይበላዋል» አለኝ ትልቁ ሰውዬ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። ሐረጎ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። ኦርጅናል አንድ ፍሬ ቀርታለች ተባለ። እሷም ሁልጊዜ አንድ ፍሬ ነው የምትቀረው። ከፈልኩ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ልጁ ስክሪኑን በድጋሚ አሳየኝ፤ 31 ዲግሪ። የአዲሱን ዕቃ ካርቶን አስታቀፈኝ። እኔ ደግሞ 200 ብር ጉርሻ ጨምሬ አመስግኜ ወጣሁ።

ሐረጎ አጋማሽ ላይ መብራቱ ቦግ አለ።

ዛሬ ጠዋት ደሴ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። «የቱን ነው የቀየሩልህ?» አለኝ። በኔ መኪና የሙቀት ሴንሰሩ ለብቻው የሚፈታ ዕቃ አይደለም። ከማጣሪያው ቀጥሎ ያለው የአየር መለኪያ ውስጥ ነው ያለው፣ በሁለት ብሎን የታሰረ፣ አምስት ገመድ ያለው። ባትሪ አበራበት። የብሎኖቹ ጭንቅላት የዓመታት አቧራ እንደ ጭቃ ደርቆበታል። ካቻቪቴ ያረፈበት ምልክት የለም። የካርቶኑ ቁጥርም ዕቃው ላይ ካለው ጋር አይገናኝም።

ከዚያ የራሱን ስካነር ሰካ። 19 ዲግሪ። ሶኬቱን ነቀለ፤ ከዜሮ በታች 40። መለሰው፤ 19። ነቀለው፤ ከዜሮ በታች 40። «ልድገምልህ?» አለኝ። በቃኝ አልኩት።

ለካ ሴንሰሩ ብርድ በጨመረ ቁጥር ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማገድ አቅሙ፣ የሚጨምር ነገር ነው። ሶኬቱ ከተነቀለ ኮምፒውተሩ ማለቂያ የሌለው ብርድ ያነብና መጨረሻው ቁጥር ላይ ይቆማል። የኔ መኪና ብቻ ተአምር አይደለም። በቴስተር ሲለካው 2.5 ኪሎ ኦም ገደማ አሳየ፤ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ገመዱ ላይ ነበር። ከሶኬቱ ሥር ነካ ሲያደርገው ቁጥሩ ይዘላል። ማጣሪያው ሲጠረግ ተጎትቶ ሳይሆን አይቀርም፣ ላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ ተበጥሷል። ሜዳ ላይ ይገናኛል፣ መንገድ ሲያናውጠው ይለያያል። በስታኞ በየደው፣ ናስትሮ ጠቀለለበት፣ 300 ብር አለኝ። ሐረጎን አትወጣም የተባለውንም ጠየቅሁት። ቶዮታ ይህን ንባብ ሲያጣ አየሩን 20 ዲግሪ ነው ብሎ ይዞ መንዳቱን ይቀጥላል አለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሼ ሄድኩባቸው። ትልቁ ሰውዬ ከወንበሩም አልተነሳም። «ደረሰኝ ይዘሃል?» አለኝ። የለኝም፤ ሲከፈል ማን ደረሰኝ አስታወሰ። «ታዲያ ምን ላድርግልህ?» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ልጁ የሌላ ሰው ኮፈኖ ሥር አጎንብሶ ሳቁን ሲያፍን ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ባለመኪናው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስልክ ያወራል።

እናንተ ኮፈኖ ሲከፈት ስልክ አታንሱ። አሮጌው ዕቃ እጃችሁ ሳይገባ ደግሞ ብር አታውጡ።

ትናንት ሲ«ቀይሩልኝ» ሻይ የጋበዝኳቸውም እኔ ነኝ።