የምታልፉበት ክፍልና የምትቀመጡበት ክፍል፦ የመብራት ሴንሰሮች ንጽጽር

መጀመሪያ የገዛሁትን ሴንሰር የሰቀልኩት መታጠቢያ ቤት ነበር። ገባሁ፣ መብራቱ በራ። ደስ አለኝ። ቁጭ ብዬ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም! እጄን ወደ ላይ አንስቼ አወናጨፍኩ። በራ። ሁለት ደቂቃ፣ እንደገና ድርግም። ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ሁሉ ተነስቼ ነበር። ኋላ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሴንሰሩ ምንም አልሆነም። እንቅስቃሴ ብቻ የሚለይ ዕቃ ገዝቼ፣ ሳልንቀሳቀስም መኖሬን እንዲያውቅልኝ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ገበያ ላይ ያሉት ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንዱ «የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ» ይላል። ሌላው «ሰው አለ» ይላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ግን ብዙ ጊዜ አያስለያቸውም። ስሙን ትታችሁ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ፤ ፒ አይ አር ነው ወይስ ራዳር?

ፒ አይ አር፦ ፈጣን ግን ችኩል

ፒ አይ አር የቆየው ዓይነት ነው። ፊቱ ላይ ነጣ ያለ፣ ጎበጥ ያለ ፕላስቲክ አለው። ራሱ ምንም ነገር አይልክም። ከሰውነታችን የሚወጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር፣ ማለትም ሙቀታችንን፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ያ ፕላስቲክ ሌንስ ነው፤ ክፍሉን በብዙ ቁራጭ ይከፋፍልለታል። ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ስትሻገሩ የሙቀት ለውጥ ያያል፣ ያበራል። ቁጭ ካላችሁ ለውጥ የለም። ለውጥ ከሌለ ለእሱ እናንተም የላችሁም።

ይህን አሠራር ካወቃችሁ የት መስቀል እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ። በፊቱ አቋርጣችሁ ስታልፉ ወዲያው ያያችኋል። ፊት ለፊት ወደ እሱ ስትመጡ ግን ዘግየት ይላል። ስለዚህ ኮሪደር ላይ ከጫፍ ግድግዳ ይልቅ ጎን ላይ ወይም ኮርኒስ ላይ ይሻላል። መስታወትም አያሳልፈውም። ገላ መታጠቢያው በመስታወት በር የተዘጋ ከሆነ ውስጥ ያለው ሰው ለፒ አይ አር የለም ማለት ነው። ክፍሉ በጣም ሲሞቅና ወደ ሰውነታችን ሙቀት ሲጠጋም ዓይኑ ይደክማል፤ ሰውን ከግድግዳው የሚለይበት ልዩነት እየጠበበ ይሄዳልና።

በዚያ ላይ ግን ትልቅ ጥቅም አለው። ኤሌክትሪክ የሚበላው እዚህ ግባ የማይባል ነው። የፊሊፕስ ሂዩ ሴንሰር በሁለት ቀጫጭን የሪሞት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ የአይኪያው ቫልሆርን በሦስት። ሌሎቹ የሰዓት ባትሪ የመሰለች ክብ ባትሪ ይዘው ከዓመት በላይ ይቆያሉ። ሽቦ የለም፣ ግድግዳ መብሳት የለም፣ በተለጣፊ ብቻ ይያዛል። ፍጥነቱ ደግሞ ደስ ይላል። እግራችሁ ገና በሩን ሲረግጥ መብራቱ ይበራል።

ራዳር፦ ትንፋሽ ሳይቀር የሚያይ

ሁለተኛው «ሚሊሜትር ሞገድ» የሚባለው ራዳር ነው። ይህኛው ራሱ ሞገድ ይልካል፤ ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ በ24 ወይም በ60 ጊጋኸርትዝ ይሠራሉ። የላከው ሞገድ ነገር ነክቶ ሲመለስ ልዩነቱን ያሰላል። ሞገዱ በጣም አጭር ስለሆነ፣ በ60 ጊጋኸርትዝ ርዝመቱ 5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ስትተነፍሱ ደረታችሁ ከፍ ዝቅ የሚለውን እንኳ ይለየዋል። መጽሐፍ እያነበባችሁ ሶፋ ላይ ብትደርቁም «ሰው አለ» ይላል። መብራቱ አይጠፋባችሁም።

ሁሉም ራዳር ግን አንድ አይደለም። በራሳቸው መገጣጠም የሚወዱ ሰዎች የሚያውቁት ኤል ዲ 2410 የተባለው ትንሽ ሰሌዳ ርቀቱን በ75 ሴንቲሜትር ደረጃዎች ከፋፍሎ፣ የእያንዳንዱን ደረጃ ስሜት፣ ማለትም ምን ያህል በቀላሉ እንደሚነቃ፣ ለብቻ እንድታስተካክሉ ይፈቅዳል። «እስከ 3 ሜትር ድረስ እይ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አያገባህም» ማለት ትችላላችሁ። ወንድሙ ኤል ዲ 2450 እስከ ሦስት ሰው ያሉበትን ቦታ እየተከተለ ያሳያል። ተገጥመው ከሚሸጡት ውስጥ የአቃራ ኤፍ ፒ 2 ደግሞ ክፍሉን በካርታ ከፋፍላችሁ፣ ሶፋው ጋ ሰው ሲቀመጥ አንድ መብራት፣ ጠረጴዛው ጋ ሲቀመጥ ሌላ መብራት እንዲበራ ያስችላል። ሳሎናችሁ ሰፊ ከሆነና መመገቢያውም እዚያው ከሆነ ይህ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ጣጣው። ራዳር ሰውን ከሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር ለመለየት ይቸግረዋል። ቬንቲሌተር ሲሽከረከር፣ መጋረጃ በነፋስ ሲወዛወዝ «ሰው አለ» ይላል። የእኔ መኝታ ቤት መስኮቱ የተከፈተ ቀን መብራቱ እስከ ማታ ሲበራ ዋለ፤ እንግዳው መጋረጃው ነበር። ሌላም አለ። ሞገዱ ስስ ግድግዳን፣ የእንጨት በርንና መስታወትን አልፎ ይሄዳል። ኮሪደር ላይ የሚያልፈው ሰው የመኝታ ቤታችሁን መብራት ሊያበራ ይችላል። በሌሊት ይህ ሲሆን ማን እንደሚቆጣ እናንተው ታውቃላችሁ። ብረትና የመልክ ማያ መስታወት ደግሞ ሞገዱን ያንጸባርቃሉ፤ ስለዚህ ማንም በሌለበት ማዕዘን ሰው ያለ ሊመስለው ይችላል።

ባትሪም አይችለውም። አብዛኛው ራዳር ሁልጊዜ ሶኬት ላይ መሰካት አለበት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። ጥሩ የምትሉት ማዕዘን ላይ ሶኬት አይኖርም፤ ሶኬት ያለበት ደግሞ ጥሩ ማዕዘን አይሆንም። ከመግዛታችሁ በፊት የገመዱን ርዝመት ለኩ።

ሲያበራም ሲያጠፋም ዘገምተኛ ነው። ሰው መሆኑን እስኪያረጋግጥ ትንሽ ያመነታል፤ ያቺ ግማሽ ሰከንድ ጨለማ ውስጥ ስትቆሙ ትረዝማለች።

ሁለቱን በአንድ የያዘው

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመው። ማብራትና ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለማብራት ፈጣኑ ፒ አይ አር ይሻላል። በርቶ እንዲቆይ ለማድረግ ትዕግሥተኛው ራዳር ይሻላል። ስለዚህ ትክክለኛው ደንብ ይህ ነው፤ ፒ አይ አሩ ሲያይ ይብራ፣ የሚጠፋው ግን ራዳሩም ፒ አይ አሩም «ማንም የለም» ሲሉ ብቻ ይሁን።

በዚህ ደንብ የመጋረጃው ችግር ግማሹ ይቀላል። መጋረጃ የሰውነት ሙቀት ስለሌለው ፒ አይ አሩን ብዙም አያታልለውም፤ መብራቱ ከባዶ ሜዳ አይበራም። ኮሪደር ላይ ያለፈውም ሰው ግድግዳውን አልፎ አያበራባችሁም።

ሁለቱንም በአንድ ቀፎ የያዙ ሴንሰሮች ይሸጣሉ፤ ኤቭሪቲንግ ፕሬዘንስ ዋን አንዱ ነው። ፒ አይ አሩ ሲያይ ብቻ ራዳሩን እየቀሰቀሱ በባትሪ የሚሠሩም መጥተዋል። ዋጋቸው ከፍ ይላል። ግን የግድ አንድ ቀፎ መሆን የለበትም። ቤታችሁ ውስጥ ርካሽ ፒ አይ አር ካለ፣ አንድ ራዳር ጨምራችሁ በሆም አሲስታንት ወይም በመሰለው የቤት ዕቃዎችን በሚያዝ ሶፍትዌር ብታጣምሯቸው ያው ነው። እኔ ሳሎኔን የሠራሁት እንዲህ ነው፤ ፒ አይ አሩ በሩ አጠገብ፣ ራዳሩ ሶፋው ትይዩ።

የትኛው ለየትኛው ክፍል

ኮሪደር፣ ደረጃ፣ ዕቃ ቤት፣ መግቢያ፦ ፒ አይ አር፣ አለቀ። ማንም ኮሪደር ላይ ቁጭ አይልም። ለራዳር ገንዘብ አታውጡ። የማጥፊያ ጊዜውን አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ አድርጉት። የብርሃን መለኪያ ያለው ከሆነ ቀን ላይ እንዳይበራ ገደብ ስጡት። ሌሊት ላይ ደግሞ መብራቱ ከአቅሙ አሥር በመቶ ብቻ ይብራ፤ ከእንቅልፍ ተነስቶ ለሚሄድ ሰው ይበቃዋል።

ሳሎን፣ የሥራ ክፍል፣ ማንበቢያ፦ ራዳር ወይም ሁለቱን ያጣመረው። ፒ አይ አር ብቻ ካላችሁ የማጥፊያ ጊዜውን ወደ 15 ደቂቃ አስረዝሙት። ያኔ ግን ከወጣችሁ በኋላም 15 ደቂቃ ይበራል። ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

መታጠቢያ ቤት ልዩ ነው፤ እዚህ ጋ ከሁሉም የሚረክስ ዘዴ አለ። በሩ ላይ መከፈት መዘጋቱን የሚለይ የበር ሴንሰር፣ ውስጥ ደግሞ ተራ ፒ አይ አር። ደንቡ ቀላል ነው፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ እንቅስቃሴ ከታየ ሰው አለ፤ በሩ እስኪከፈት ድረስም አለ። ሌላ መውጫ የለማ! ድንጋይ ሆናችሁ ብትቀመጡም አይጠፋም። ከመስታወቱ በር ጀርባ ብትታጠቡም አይጠፋም። የሚበላሸው ሰዉ በሩን ሳይዘጋ የሚጠቀም ቤት ውስጥ ነው። ያን ራሳችሁ ተነጋገሩበት።

መኝታ ቤት ላይ ሐሳቤ ብዙ ሰው አይወደውም፤ በራሱ የሚበራ መብራት አታድርጉበት። ራዳሩ ያጥፋ እንጂ አያብራ። በማብሪያ ማጥፊያው አብሩ፣ ከወጣችሁ በኋላ ሴንሰሩ ያጥፋ። አንዱ ተኝቶ ሌላው ሲገላበጥ መብራት ቦግ የሚልበት ቤት ሰላም የለውም። ድመት ካለችማ ተዉት።

ግድግዳው ላይ ካለው ማብሪያ ማጥፊያ ጋር አብሮ የሚገጠም ሴንሰርም አለ። ጥሩ ነው፣ ባትሪም ገመድም አይፈልግም። ነገር ግን ብዙዎቹ ኒውትራል ሽቦ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ፣ ይፈልጋሉ፤ በቆዩ ቤቶች ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ኒውትራል ላይኖር ይችላል። ሳትገዙ ኤሌክትሪሺያን አስከፍታችሁ እዩ። ማብሪያ ማጥፊያው በር ጀርባ ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩ የሚያየው በሩን ብቻ ነው።

ግንኙነቱ

በባትሪ ለሚሠራ ዚግቢ የተባለው ትንሽ ኃይል የሚበላ ገመድ አልባ ግንኙነት ይመረጣል፤ ዋይፋይ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል። ሶኬት ላይ ለሚሰካው ግን ዋይፋይም ችግር የለውም። ዋናው ጥያቄ ትዕዛዙ የሚወሰነው ቤታችሁ ውስጥ ነው ወይስ ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ? ሰርቨር ላይ ከሆነ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጨለማ ውስጥ ትቆማላችሁ። ሲሠራም ይዘገያል። በተጨማሪ ራዳር ምስል ባያነሳም መቼ እንደምትገቡ፣ መቼ እንደምትወጡ ያውቃል። ያ መረጃ ከቤት ባይወጣ ይመረጣል።

አንድ ጊዜ በርካሽ ዋጋ የዚግቢ ራዳር ገዝቼ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሰው ያለበትን ርቀት በየሰከንዱ እየደጋገመ ይልካል። ኔትወርኩ ተጨናንቆ የሌሎቹ ክፍሎች መብራቶች ሁሉ መዘግየት ጀመሩ። ጥፋተኛውን ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። የሚልከውን ብዛት መቀነስ የማይቻልበትን ራዳር አትግዙ።

ቁጠባ ፍለጋ ከሆነ

እንቁጠረው። አንድ ራዳር ከነመቆጣጠሪያው 1 ዋት ይበላል እንበል። ቀን ከሌት ስለሚሠራ በዓመት ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል በየቀኑ ሦስት ሰዓት በከንቱ ቢበራ በዓመት ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ማለትም ለአንዲት አምፖል ብላችሁ ራዳር ብትሰቅሉ የቆጠባችሁትን ራሱ ይበላዋል። ስድስት ሰባት አምፖል ያለበት ሳሎን ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። እኔ የገዛሁት ግን ለቁጠባ አልነበረም። እጄ ሙሉ ሆኖ ስገባ መብራቱን በክርን ላለመፈለግ ነው።

ልትገዙ ከሆነ በአንድ ክፍል ጀምሩ። ሴንሰሩን በብሎን ከማሰራችሁ በፊት በተለጣፊ ለጥፋችሁ አንድ ሳምንት አቆዩት። ሶፋው ላይ ሳትንቀሳቀሱ ተቀመጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ቬንቲሌተር አብሩ፣ ከግድግዳው ማዶ ሰው አስመላልሱ። ከተሳሳተ በመጀመሪያ ማዕዘኑን ለውጡ። ስሜቱን መቀነስ ሁለተኛ ነው፤ ብዙ ከቀነሳችሁት ያ ውድ ራዳር ተመልሶ ፒ አይ አር ይሆንባችኋል።