ለሀዋሳው የስቱዲዮ ባለሙያ ምስጋና፦ ያሠራነውን ከበሮ ራሱን ስለቀዳልን

ሰላም ጤና ይስጥልን፣ የሀዋሳና የአካባቢዋ ሙዚቀኞች፣ ዘማሪዎችና የባህል ቡድን አባላት። ይህን የምንጽፈው ለአንድ ባለሙያ እግዜር ይስጥልን ለማለት ነው። እግረ መንገዳችንንም ከበሮ በትእዛዝ አሠርቶ የሚቀዳበት ቦታ ላጣ ሰው እንጠቁማለን።

ከበሮዎቹ ሦስት ናቸው። ከዋንዛ ግንድ የተቦረቦሩ፣ የበሬ ቆዳ የተወጠረባቸው፣ ዙሪያቸውን በጠፍር የተጠለፉ። የትልቁ ሰፊ ፊት 48 ሳንቲሜትር፣ ጠባቡ 30፣ ቁመቱ 70 ነው። ሌሎቹ ሁለቱ እያነሱ ይሄዳሉ። በልክ የተሠራ ከበሮ ዋጋው ድምፁ ላይ ነው፤ ያ ድምፅ ቀረጻው ላይ ከሌለ ለጠራቢው የተከፈለው ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ ተቀድተው ነበር፤ ሁለቱም አሳዝኖናል። የቦታዎቹን ስም አናነሳም። በመጀመሪያው ማይኩ ቆዳው መሃል ላይ፣ ሁለት ጣት በማይሞላ ርቀት ተደቀነ። መሃሉ ላይ ጉልበት እንጂ የቆዳው ድምፅ የለም። ኖይዝ ጌቱም (ዝቅ ያለውን ድምፅ ራሱ የሚዘጋው መሣሪያ) ከቀረጻው ጋር አብሮ ስለገባ የምቱ ጭራ እየተቆረጠ «ዱምምም» የሚለው ከበሮ «ዱብ» ብቻ ሆኖ ቀረ። እንዲህ የተቀዳን ድምፅ በኋላ ማንም አይመልሰውም። የሁለተኛው ግን ይብሳል። ክሊኩ (ለመቺው ጊዜ የሚቆጥርለት ምት) በስድስት ለሚቆጠረው ለችክችካ ሳይሆን በአራት ለሚቆጠረው ለ4/4 ተሞላ፣ ምቶቹ በኮምፒውተር ተጎትተው መስመር ላይ ተደረደሩ፣ በላያቸውም የኪቦርድ ከበሮ ተለጠፈ። በመዳፍ የተመታውና በጣት የተመታው አንድ ዓይነት ሆኖ ስንሰማ ማመን አቃተን። ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ያው ከበሮ አይደል፣ ማን ይለየዋል?» የሚል ነበር። ለከበሮ ሰሪ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ገንዘባችንም አልተመለሰም።

አሁን ወደ ምስጋናው። ይህ ሰው በስልክ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዋጋ አልነበረም። ቆዳው መቼ ተወጠረ? ደርቋል ወይ? የሚመታው በማንገቻ ተሸክሞ ነው ወይስ ተቀምጦ? ከዚያም ከበሮዎቹ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድመው እንዲደርሱ አዘዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ ያውም በክረምት፣ ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይረግባል፤ ድምፁም ይወርዳል። ከውጭ ገብቶ ወዲያው ከተቀዳ ጠዋት የተመታውና ከሰዓት የተመታው አይገጥሙም። ብዙ ሰው ቶሎ እንዲወጠር ብሎ እሳት ዳር ያስጠጋዋል። ያ ቆዳውን በአንድ በኩል ብቻ ይስበዋል፤ የጠፍሩን ቀዳዳም ይቀድደዋል። እሱ አምፖል አብርቶ አንድ ሜትር ያህል አርቆ አስቀመጠው፤ በየሩብ ሰዓቱም ያዞረው ነበር።

ቀረጻው ሲጀመር ትልቁ ከበሮ ላይ ዝዝ የሚል ድምፅ መጣ። ሌላው ቢሆን ማይክ ይቀይራል፣ ገመድ ይነቅላል፣ ሰዓቱም ይቆጥራል። እሱ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወጥቶ መሬት ላይ ተንበረከከ። መቺው በዝግታ እየመታ፣ እሱ ጆሮውን ከእንጨቱ አንድ ስንዝር አርቆ ዙሪያውን ዞረ። ከዚያ ጠፍሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ ጫን እያደረገ ሄደ። አንዱን ሲጫነው ዝዝታው ጠፋ፣ ሲለቀው ተመለሰ። ቋጠሮው ላልቶ ጫፉ እንጨቱን እየነካ ነበር። ከኪሱ ትንሽ ጨርቅ አውጥቶ ከሥሩ ወተፈና «እስኪ ምታው» አለ። ጥርት ያለ ድምፅ! ከዚያ ለከበሮ ሰሪው ራሱ ደውሎ «አባቴ፣ ጠፍሩን እኔ ልሳበው ወይስ እርስዎ ይመጣሉ?» ሲል ጠየቃቸው። ይህ አክብሮት ልባችንን ነክቶታል። አባታችን መጥተው እስኪያጠብቁ ድረስ የባከነውን ሰዓትም ሂሳብ ውስጥ አላስገባብንም።

የማይክ አቀማመጡን ለሚያውቀው እንንገር። በሰፊው ፊት ኤኬጂ ዲ112 የሚባለው የወፍራም ድምፅ ማይክ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በጠባቡ ፊት ሹር ኤስኤም 57 የሚባለው ማይክ በአራት ጣት ርቀት፣ ሁለቱም በመሃሉና በጠርዙ መካከል ያነጣጠሩ። ከፊት ለፊት በ1.5 ሜትር ርቀት፣ በመቺው ደረት ልክ፣ አንድ ኮንደንሰር (ረቂቁን ድምፅ ሁሉ የሚይዝ ማይክ)። ከበሮ ሁለት ፊት እንዳለው የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው። ሰፊው ፊት ሲመታ ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል፤ የታመቀው አየር ደግሞ የጠባቡን ቆዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል። አንዱ ማይክ ሲሳብ ሌላው ስለሚገፋ ሁለቱ ሲደመሩ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። እሱ የአንዱን ማይክ ፌዝ (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጦ ሁለቱን አንድ ላይ አሰማን፤ ከበሮው ባንዴ ሆድ አወጣ። የኮንደንሰሩ ድምፅ 4 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል (ድምፅ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ነው የሚሄደው)። ያንን ሊያስጠጋው አልሞከረም፤ የክፍሉ ስፋት የሚሰማው በዚያ መዘግየት ነውና ትክክል ነበር።

ችክችካውን በ6/8 ሞልቶ፣ ክሊኩን በስድስቱም ቆጠራ ሳይሆን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ብቻ አስመታው። መቺው የሚተነፍስበት ቦታ አገኘ። የቀረጻው መጠን ኃይለኛው ምት ከዜሮ (ድምፁ ከሚሰነጠቅበት ጣሪያ) 10 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል ተደረገ፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ያለ ኮምፕሬሰር (ኃይለኛውንና ዝቅተኛውን ምት ከሚያቀራርበው መሣሪያ)። በየግማሽ ሰዓቱም የመጀመሪያውን ምት እየከፈተ ከአዲሱ ጋር ያስተያይ ነበር፤ የእጅ ሙቀትም ቆዳውን ይለውጠዋልና። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ደግሞ ቀረጻውን አቁሞ ጠበቀ። «በኋላ እናጠራዋለን» አላለም።

ሲያስረክብ ከሚክሱ (ተቀላቅሎ ካለቀው ድምፅ) ጋር ያልተነካካውን የየማይኩን ጥሬ ትራክ ሁሉ፣ ሁሉም ከአንድ መነሻ ሰዓት እንዲጀምሩ አድርጎ፣ በሃርድ ዲስካችን ላይ ገለበጠልን። የትም ስትቀዱ ይህን ጠይቁ።

ወገኖቻችን፣ ከበሮ የምታስቀዱ ካላችሁ እባካችሁ ወደዚህ ሰው ሂዱ። እጁ የተባረከ፣ ጆሮው የሰላ፣ ለመሣሪያው ክብር ያለው ነው። እድሜና ጤና ይስጥልን፤ ለከበሮ ሰሪው አባታችንም እንዲሁ። ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገ ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀ ሁሉ እንልካለን። ስትሄዱ ትርፍ ጠፍር ያዙ፣ ከበሮውንም በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከአንድ ቀን በፊት አድርሱ። የባጃጅ ድምፅ ስለሚቀንስም የጠዋቱን ቀጠሮ ምረጡ።