ተልባውን ፍሬውን ግዙ፤ ሰኞ ገበያ ስላለች አንዲት ሱቅ

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የቅባት እህል ቆልታ፣ ወቅጣና ፈጭታ የምትሸጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ሦስት ወር ተመላልሼባታለሁ። ስሟን አልጠራም፤ የተጣላንበት ነገር አለ።

በጥሩው ልጀምር። ኑጓ አንደኛ ነው። ባለቤቷን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ኑጉን ምጣድ ላይ ቀስ አድርገው ያምሱታል፤ እሳት ከበዛበት ይመራላ። ሽታው ገና ከፍ ሲል ያወርዱታል። ወፍጮ እያላቸው ኑግን በሙቀጫ ነው የሚወቅጡት። ዘይቱ ወጥቶ ጥቁሩ ዱቄት እርስ በርሱ ሲያያዝ ጨው ጣል ያደርጉና በጣታቸው ቆንጥረው ያቀምሷችኋል። ከዚያ ቡና ላይ ከገብስ ቆሎ ጋር ነው። ጥርስ ያጠቁራል፣ ፎቶ ካለባችሁ ይቅርባችሁ።

ደግሞ ጣዕም ብቻ አይደለም። ኑግ ከክብደቱ ሲሶው፣ ጥሩው እስከ 40 በመቶው ዘይት ነው። ከዘይቱ አብዛኛው ሊኖሌይክ የሚባለው ቅባት ነው፤ ሰውነታችን ራሱ አይሠራውም፣ ከምግብ ካልመጣ የለም። የደሴ ብርድ ደግሞ የዘይት ምርመራ በነፃ ያደርግልናል፤ ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት ጠዋት ጀሪካን ውስጥ ረግቶ ፀሐይ ላይ ስናስቀምጠው የኑግ ዘይት እንደወትሮው ይፈሳል፤ ፓልሙ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ተልባው። አንድ ቀን ቸኩዬ ተፈጭቶ በፌስታል የታሰረውን አነሳሁ። ቤት ወስጄ ፍትፍት ሠራሁ። አንድ ጉርሻ እንደጎረስኩ አዲስ በር የተቀባ ቤት ውስጥ የገባሁ መሰለኝ! በኋላ ሳስበው አይገርምም፤ የተልባ ዘይት ለቀለምም ይሆናል እኮ። ከዘይቱ ከግማሽ በላዩ ኦሜጋ 3 የሚባለው ቅባት ነው፤ ያ ነው ተልባን የሚያስወድደው፣ ግን ከተፈጨ በኋላ አየር ሲያገኘው ቶሎ የሚበላሸውም ያው ራሱ ነው። ይዤው ተመለስኩ። ሱቁ ውስጥ የሚሸጠው ልጅ «የተሸጠ አይመለስም» ብሎ ዘጋኝ። እማማ ግን ሰምተው መጡና፣

«አብሽር ልጄ፣ ፍሬውን ውሰድ። ስትፈልግ ፍጨው።»

«ታዲያ የተፈጨውን ለምን ይሸጣሉ?»

«ሰው ይቸኩላላ!»

ሳቄ መጣ፣ ግን መልስ አይደለም። መቼ እንደተፈጨ የሚገልጽ ነገር እንኳን ፌስታሉ ላይ የለም። ስለዚህ ፍሬውን ግዙ፣ የሁለት ሦስት ቀን ብቻ ፍጩ። ሳይፈጭ መዋጥም ብዙ ጥቅም የለውም፤ አብዛኛው ፍሬ እንደገባ ይወጣል። አሰሩ (ፋይበሩ) ብዙ ስለሆነ ሆድ ድርቀት ላለበት ደህና ነው፣ ውሃ በደንብ ከጠጡበት።

ሰሊጡ ንጹሕ ነው፣ አሸዋ አላገኘሁበትም። ልጁ ግን «ወተት ይተካል» እያለ ነው የሚሸጠው። ካልሲየም አለው፣ እውነት ነው፤ አብዛኛው ግን ልጣጩ ላይ ነው፣ ተፈትጎ ከነጣ ይቀንሳል፣ ያለውም ቢሆን ሁሉም ወደ ሰውነት አይገባም። እኔ ሰሊጥን ከሽሮ ጋር ነው የምወደው። ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ነገሮች የሰሊጡ የሚያንሰው ላይሲን የሚባለው ሽሮ ውስጥ አለ፣ ሽሮ የሚያንሰውን ሜቲዮኒን የሚባለውን ደግሞ ሰሊጥ ይሞላል። በጾም ይህን ያህል ከተገኘ ምን ይፈለጋል?

ግድግዳው ላይ «ስኳር ይፈውሳል፣ ውፍረት ይቀንሳል» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። እሱን ቢያነሱት ደስ ይለኛል። 100 ግራም ሰሊጥ ከ550 ካሎሪ በላይ ነው፤ በእፍኝ እየቃሙ መክሳት የለም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ወረቀቱን አምኖ ቢተውስ?

ለውዙን አልመክርም። ሁለቴ የሻገተ ፍሬ አግኝቼበታለሁ። የለውዝ ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፣ ቢቆሉትም አይጠፋም። ሱፉ ግን ጥሩ ነው፤ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል ወተት የመሰለ ይወጣዋል፣ ቃሪያና ሽንኩርት ጨምሮ በእንጀራ መፈትፈት ነው።

ዋጋቸው ከጎረቤቶቻቸው ትንሽ ይወደዳል። ሰኞ በገበያ ቀን ከሄዳችሁ ወረፋው አይቀመስም። በሌላ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ሂዱ፣ ምጣዱ የሚጣደው ያኔ ነው። ለኑጉ ክዳን ያለው ዕቃ ያዙ። ፌስታላቸው ስስ ነው፣ የእኔ ፒያሳ ሳልደርስ ቦርሳዬ ውስጥ ተቀዷል።