የካርት ፍሪሲዮን፦ ባለ ታምቡር ወይስ ባለ ዲስክ?

የውድድር ካርት፣ ማለትም ትንሿን ክፍት የውድድር መኪና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትገዙ ምክሬ አጭር ነው፦ ባለ ታምቡሩን ፍሪሲዮን ግዙ። ባለ ዲስኩ የበለጠ አቅም አለው። ጥቅሙን የሚያገኘው ግን እየለካ የሚያስተካክል ሰው ነው። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ሳይስተካከል ተገጥሞ ሲቃጠል ማየት ያሳዝናል።

የካርት ፍሪሲዮን እንደ መኪናው ፔዳል የለውም። ሞተሩ ሲፈጥን በውስጡ ያሉት ክብደቶች ወደ ውጭ መውጣት ይፈልጋሉ፤ ሞላዎቹ ደግሞ ወደ ውስጥ ይስቧቸዋል። ክብደቱ ሞላውን ሲያሸንፍ ፍሪሲዮኑ ይይዝና ካርቱ ይነሳል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም አንድ ናቸው። በባለ ታምቡሩ ሸራዎቹ ራሳቸው ወጥተው የታምቡሩን ውስጠኛ ግድግዳ ይይዛሉ። በባለ ዲስኩ ክብደት ያላቸው ትንንሽ ክንዶች ዲስኮቹን እርስ በርስ ያጣብቃሉ።

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የምትወዳደሩበትን ምድብ ደንብ አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጀማሪ የሚገባበት ምድብ ኤልኦ206 ነው። ሞተሩን ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ከፋብሪካ አሽጎ ያወጣዋል። እዚያ የሚፈቀደው ደረቅ፣ ማለትም ያለ ዘይት የሚሠራ፣ ባለ ታምቡር ስለሆነ ክርክሩ አለቀ። የሚቀረው ከአምራቾቹ የማንኛው፣ የሂሊያርድ፣ የማክስ ቶርክ ወይስ የኖራም የሚለው ነው። ማክስ ቶርክ ቀለል ያለ ነው፤ ብዙ ሳይነካኩት ይሠራል። የሂሊያርዱ ፍሌም ሞላና ክብደት እየቀያየሩ የሚይዝበትን የሞተር ዙር ለማስተካከል ይመቻል። እኔ ከሁለቱ ፍሌምን እመርጣለሁ፤ ሾፌሩ እየተሻሻለ ሲሄድ አብሮት ይሄዳልና። አዲስ ባለ ታምቡር በአብዛኛው ከ200 ዶላር በታች ይገኛል። ዲስኩ የዚያን እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠይቃል።

ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ ለምን? ሞተሩ ጉልበተኛ ሲሆን ባለ ታምቡሩ አይችለውም። አልኮል የሚጠጡ የተሻሻሉ ሞተሮች፣ በተለይ በሞላላ የአፈር ትራክ (ኦቫል) ላይ የሚሮጡት፣ እንደ ቡሊ ባሉ የዲስክ ፍሪሲዮኖች የሚነዱት ለዚህ ነው። የዲስክ ብዛት፣ የሞላ ቁመት፣ የክንዶቹ ክብደት፣ በዲስኮቹ መካከል ያለው ክፍተት፣ ሁሉም ይስተካከላል። ሁሉም መበላሸትም ይችላል። ዲስክ ሲሳሳ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ በፊለር ጌጅ፣ ክፍተት በሚለኩበት ስስ ብረት፣ እየለካችሁ አምራቹ ወዳለው መጠን መመለስ አለባችሁ። ለዚህ ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

በዘይት ውስጥ የሚሠራ ዓይነትም አለ። በብዛት የሚታየው እንደ ያማሃ ኬቲ100 ባሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ ነው። እነሱ ጉልበታቸውን የሚሰጡት በከፍተኛ ዙር ስለሆነ ፍሪሲዮኑ ረጅም ጊዜ ይንሸራተታል፤ ዘይቱ ሙቀቱን ይሸከምለታል። ዘይቱን ግን ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ማስተካከሉ። ፍሪሲዮኑ መያዝ ያለበት ሞተሩ ጥሩ ቶርክ (የማዞር ኃይል) በሚሰጥበት ዙር አካባቢ ነው። ኤልኦ206 ላይ ብዙ ሰው በደቂቃ ከ3,000 ዙር ትንሽ ከፍ አድርጎ ይጀምራል፤ ሞተሩ ራሱ 6,100 ላይ ይገደባል። ቀድሞ ከያዘ ካርቱ ከጠባብ ኩርባ ሲወጣ ሞተሩ ይታፈናል። ዘግይቶ ከያዘ ይጮሃል፣ ይሞቃል፣ ሸራ ይበላል። ለጆሮ የሚጣፍጠው ሁለተኛው ነው፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጠንካራ ሞላ መያዙን ያዘገያል፣ ከባድ ክብደት ያፈጥነዋል። ሞላ ስትቀይሩ ሁሉንም አንድ ላይ ቀይሩ። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን የሞተሩ ዙር መቁጠሪያ ነው። ከኩርባ ስትወጡ ቁጥሩ አንድ ቦታ ቆሞ ፍጥነት ብቻ እየጨመረ ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ይህ ለአፍታ ከሆነ ችግር የለውም። ሰከንዶች ከቆጠረ ወይ ሞላው ጠንክሯል፣ ወይ የኋላው ፒኞን (ካቴናው የሚነዳው ባለ ጥርስ ጎማ) ጥርስ አንሷል። ብዙ ጊዜ ሰው ሞላ ላይ ሲደክም ይውላል፤ ሁለት ጥርስ ቢጨምር ኖሮ ይድን ነበር።

የፍሪሲዮን ጠላት ሙቀት ነው። ነዳጅና ፍሬን አንድ ላይ የሚረግጥ ሾፌር የትኛውንም ብራንድ ይጨርሰዋል፤ ልጆቻችሁን መጀመሪያ ይህን አስተምሯቸው። መነሻ መስመር ላይ ቆሞ ማስጮህም ያው ነው። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚኖረው የሞተር ዙር) ከፍ ብሎ ካርቱ ቆሞ ሳለ ወደፊት የሚገፋ ከሆነ ዝቅ አድርጉት።

ከእያንዳንዱ የውድድር ቀን በኋላ ቀዝቅዞ ሲያበቃ ታምቡሩን አውልቁ። አቧራውን በፍሬን ማጽጃ እጠቡ፤ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር ስለሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ሸራው እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ታምቡሩ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ከመጠን በላይ ሞቋል ማለት ነው፤ ማስተካከያው ተሳስቷል። ታምቡሩ የሚሽከረከርበት ቡሺንግ (ለስላሳ የብረት ቀለበት) ያለው ከሆነ ትራክ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ይበቃዋል። ሲበዛ ሸራው ላይ ይረጭና መንሸራተት ይጀምራል። ካቴናውም መሐሉ ላይ ሲነኩት ወደ 12 ሚሊሜትር ያህል ይርገብ፤ ከተወጠረ ቡሺንጉን ይበላዋል።

ያገለገለ ስትገዙ ታምቡሩን በእጃችሁ አሽከርክሩት። ከተወላገደ ወይም ጥርሶቹ እንደ መንጠቆ ከሾሉ ተዉት። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛው የሞተሩ ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ለኤልኦ206 የሶስት አራተኛ ኢንች መሆን አለበት። ሁለተኛው የካቴናው መጠን ቁጥር 219 ነው ወይስ 35 የሚለው ነው። የፊትና የኋላ ፒኞን የካቴና ቁጥር ካልገጠመ የኋላውንም ካቴናውንም እንደገና ትገዛላችሁ።